ስሙ ሲለወጥ ነገሩም ይለወጣል ወይ?

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር። ለአዲስ አንባብያን የታተመ።)



ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ የምታነቡት ፊደል ከቆጠራችሁ ብዙ ያልቆያችሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ንግግሩን በሬዲዮ ሰምታችሁታል። ስትሰሙት ያመለጣችሁ ቢኖር አሁን በወረቀት ላይ አለላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የሰማ ሊረሳ ይችላል፤ ያነበበ ግን ተመልሶ ያያል። የዛሬው ትምህርታችንም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፖለቲካ ፓርቲዎች ነው። ፓርቲዎች አቋማቸውን እንዴት ይለውጣሉ? አንዳንዴስ አቋማቸው በግልጽ እንዳይታይ እንዴት ያደበዝዙታል? ድምፅ የምንሰጠው እኛስ ይህን በምን እናውቃለን?

አንድ በር፣ ሁለት ስም

እኔ የማስተምረው በሐረር ከተማ፣ በአቦከር ነው። ሐረርን የምታውቁ ጁገልን ታውቃላችሁ። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የተሠራ ነው። ጥንት አምስት በሮች ነበሩት። ከአምስቱ አንዱን በአማርኛ ሸዋ በር እንለዋለን። ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ይሉታል። ኤረር በር የምንለውን ደግሞ አርጎብ በሪ ይሉታል። ስሙ ሁለት ነው፤ በሩ ግን አንድ ነው። በየትኛውም ስም ብትጠሩት የሚያስገባችሁ ወደዚያው ከተማ ነው።

በፖለቲካ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አንዳንዴ ስሙ ሳይለወጥ ነገሩ ይለወጣል። አንዳንዴ ስሙ ይለወጥና ነገሩ እንደነበረ ይቀራል። አንዳንዴም ግማሹ ተለውጦ ግማሹ ይቀራል።

ይህን ያሳሰበችኝ አንዲት ተማሪዬ ናት። ሸዋ በር አካባቢ አትክልት የምትቸረችር እናት ናት። ማታ ማታ ትማራለች። አንድ ቀን ወደ ክፍል ስትመጣ በአንድ ቢሮ በር ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ በራሷ አንብባ መጣች። ደስ ብሏት ነገረችን። እኛም አጨበጨብንላት። ከዚያ ግን ዝም አለችና እንዲህ አለች።

«አቦ መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያ ሰሌዳ ላይ ድሮ ሌላ ስም ነበር ይሉኛል። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው ወይስ ነገሩም ተለውጧል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። «እማማ፣ የጠየቁኝ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ጊዜ ስጡኝ» አልኳት። ይህ ንግግር ለእሷ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ፓርቲ ምንድን ነው? አቋምስ?

ፓርቲ ማለት ስለ አገር አስተዳደር ተቀራራቢ አሳብ ያላቸው ሰዎች ሥልጣን ለመያዝ የሚያቋቁሙት ድርጅት ነው።

አቋም ማለት ደግሞ ያ ድርጅት በአንድ ጉዳይ ላይ «እኔ የምለው ይህን ነው» ብሎ የሚቆምበት ነው። መሬት የማን ይሁን? ባንክ የማን ይሁን? ነጋዴ እስከ ስንት ብር ይነግድ? ገበሬ እህሉን ለማን ይሽጥ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ አቋም ይባላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ጥያቄዎች የምሁራን ብቻ አይደሉም። የእያንዳንዳችንን ጓዳ ይነካሉ። አቋም ሲለወጥ የእናንተም ኑሮ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ መቼ እንደተለወጠ ማወቅ መብታችሁ ነው።

ከ«ኢትዮጵያ ትቅደም» እስከ ቅይጥ ኢኮኖሚ

በ1966 ዓ.ም. በአገራችን አብዮት ፈነዳ። ደርግ የተባለው የወታደሮች ኮሚቴ ተቋቋመ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ።

የደርግ የመጀመሪያ መፈክር «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል ነበር። እስኪ ይህን ቃል መርምሩት። ኢትዮጵያ አትቅደም የሚል ማን አለ? ባለመሬቱም ይስማማበታል፤ ጭሰኛውም ይስማማበታል። ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ወታደሩም ይስማማበታል። ግን መሬቱ የማን ይሆናል? ቃሉ ይህን አይናገርም።

በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. ደርግ «ኅብረተሰባዊነት» የሚል አዲስ ቃል አወጣ። ይህ አሳብ ከአገራችን ባህልና አፈር የበቀለ ነው ተብሎ ተነገረ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ግን የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። ያን ጊዜ አገሪቱ የምትመራው በማርክስና በሌኒን ትምህርት እንደሆነ ተገለጸ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቃላት መጡ ማለት ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት አልነበሩም።

ቃሉ ብቻ አልነበረም፤ ሥራም ተሠርቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ነጋዴ ሊይዝ የሚችለው ገንዘብ በሕግ ተወሰነ። ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000 ብር፣ ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር። ከዚያ በላይ አይቻልም ተባለ። ሐረር የነጋዴ ከተማ ናትና ይህ ሕግ ምን ያህል እንደነካት መገመት አያስቸግርም።

በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ በአጭሩ ኢሠፓ፣ ተመሠረተ። በዚያ ጊዜ ገበሬው እህሉን በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያቀርብ ይገደድ ነበር። በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥም እንዲገባ ግፊት ነበረበት።

ከዚያ ምን ሆነ? በየካቲት 1982 ዓ.ም. የፓርቲው መሪ አዲስ ነገር አስታወቁ። ኢኮኖሚው «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ይሆናል አሉ። በነጋዴው ገንዘብ ላይ ተጥሎ የነበረው ገደብ ተነሣ። የእህል ኮታም ቀረ። ገበሬው ከአምራቾች ማኅበር መውጣት ይችላል ተባለ። ገበሬዎቹም ብዙዎቹን ማኅበራት በጥቂት ጊዜ ውስጥ አፈረሷቸው። ፓርቲው ራሱ ስሙን ለወጠ። «የሠራተኞች» የሚለው ቀርቶ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ተባለ።

ለምን ተለወጠ? ምርጫ ፈርቶ አይደለም። የምሥራቅ አውሮፓ መንግሥታት በ1982 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራ በተራ ወድቀው ነበር። የሶቪየት ኅብረት እርዳታም እየቀነሰ ነበር። በሰሜን የነበረው ጦርነት በሽንፈት ላይ ሽንፈት አስከትሎ ነበር። ለውጡ የመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደቀ።

እናቴ ያነበበችው ቃል

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልንገራችሁ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እሷም እንደ እናንተ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ ነው የተማረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማንም እርዳታ ያነበበችው ረዥም ቃል በሰፈራችን ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጠረችው። «ሶ፣ ሻ፣ ሊ፣ ዝ፣ ም።» ትርጉሙን ብትጠይቅ «ወደፊት ታውቂዋለሽ» አሏት።

ወንድሟ በዚያው ቃል ሥር ዘምቶ ከጦር ሜዳ ሳይመለስ ቀረ።

በ1982 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ወደ ገበያ ስትሄድ ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል። ቃሉ የለም። የሚመለከታቸውን ጠየቀች። መልስ የሰጣት የለም። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ። ካደግሁ በኋላ ስትነግረኝ እንዲህ አለችኝ።

«ልጄ፣ ቃሉ መጥፋቱ አይደለም የከፋኝ። ሰው ይሳሳታል፤ ስሕተቱንም ያርማል። የከፋኝ፣ ለምን እንዳጠፉት የነገረኝ ሰው መጥፋቱ ነው። ወንድሜን የወሰደው ቃል እኮ ነው።»

ውድ አንባብያን፣ ስለ ፓርቲ አቋም መለወጥ የምነግራችሁ ለወሬ ያህል አይደለም። በአቋም ምክንያት ሰው ይዘምታል፤ ቤት ይወረሳል፤ እህል ይሰፈራል። እንግዲያው የሚለውጠው ሁሉ ለምን እንደለወጠ የመንገር ዕዳ አለበት።

ኢሕአዴግና ብልጽግና

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። የግንባሩ ዋና ድርጅት ሕወሓት ነበር። ሕወሓት በ1967 ዓ.ም. ትጥቅ ትግል የጀመረ ድርጅት ነው። በ1977 ዓ.ም. በውስጡ የማርክሲስት ሌኒኒስት ሊግ አቋቁሞ ነበር። የአልባኒያን መንገድም በምሳሌነት ያነሣ ነበር። አልባኒያ በአውሮፓ ያለች ትንሽ አገር ናት፤ በዚያን ጊዜ እጅግ ጥብቅ የኮሙኒስት አገር ነበረች።

ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን የሠራው ሌላ ነው። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ዋጋ ተቀነሰ። አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ07 ሣንቲም የነበረው 5 ብር ሆነ። በ1986 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን የግል ባንክ እንዲያቋቁሙ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ከዓለም ባንክና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋርም ስምምነት ተደረገ። እነዚህ የማርክስ ትምህርት አይደሉም።

ታዲያ አቋሙ ተለወጠ? በአንድ በኩል አዎን። በሌላ በኩል ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀረ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህን ደነገገ። ቴሌ፣ መብራት ኃይልና አየር መንገድም በመንግሥት እጅ ቀሩ። ደርግ ወደቀ፤ መሬት ላይ የነበረው አቋም ግን በመሠረቱ አልወደቀም።

ቃሉስ? ፓርቲው ለአባላቱ ሲያስተምር «አብዮታዊ ዴሞክራሲ» ይል ነበር። ለውጭ አበዳሪ ሲናገር «ነጻ ገበያ» ይል ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ልማታዊ መንግሥት» የሚለው ቃል ጎላ። ሦስቱንም ቃላት በአንድ ላይ ይዞ መሄድ ይቻል ነበር። እያንዳንዱ ሰሚ የሚፈልገውን ይሰማ ነበርና። አቋም ማደብዘዝ ማለት ይህ ነው።

በ2010 ዓ.ም. መሪዎች ተለወጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት 28 ቀን የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። የቴሌና የአየር መንገድ ድርሻ በከፊል ለግል ባለ ገንዘብ እንዲሸጥ የሚል ነው። ስሙ ያን ጊዜም ኢሕአዴግ ነበር። ስሙ ሳይለወጥ ነገሩ ተለወጠ።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ስሙም ተለወጠ። ከኢሕአዴግ አራት አባል ድርጅቶች ሦስቱ፣ ከአምስት አጋር ድርጅቶች ጋር ተዋሕደው ብልጽግና ፓርቲ ሆኑ። ሕወሓት አልገባም። «መደመር» የሚለውም ቃል «አብዮታዊ ዴሞክራሲ» በነበረበት ቦታ ገባ።

ከዚያ በኋላ ምን ተሠራ? በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የተባለው የውጭ ኩባንያ ለእኛ ቅርብ በሆነችው በድሬዳዋ የስልክ አገልግሎት በሙከራ ጀመረ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለዜጎች መሸጥ ተጀመረ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። እነዚህ እውነተኛ ለውጦች ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ግን አልተለወጠም። መሬት ዛሬም አይሸጥም።

እንግዲህ ተማሪዬ ለጠየቀችኝ አንደኛው መልስ ይህ ነው። ስሙ ተለውጧል፤ ከነገሩም ብዙ ተለውጧል፤ ከነገሩ አንዱ ትልቁ ግን ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።

በእኛ ከተማ

ወደ ሐረር እንመለስ። በክልላችን ለብዙ ዓመት የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ የሚባል ፓርቲ ነበር። በአጭሩ ሐብሊ ይባላል። ሐብሊ የኢሕአዴግ አባል አልነበረም፤ «አጋር» ነበር። አጋር ማለት አብሮ ይሠራል፤ ነገር ግን በግንባሩ ውሳኔ ላይ ድምፅ የለውም ማለት ነው። የክልላችን ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። ከእነዚህ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. ሐብሊ ከብልጽግና ጋር ተዋሐደ። የክልላችን ሕዝብ ድምፅ የሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። መራጩ ድሮ የሚያውቀውን ስም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አላገኘም።

ይህ መልካም ነው ወይስ መጥፎ? ያን እናንተ ፍረዱ። አንዱ «አጋር መባል ቀርቶ እኩል ድምፅ አገኘን» ይላል። ሌላው «ትንሹ በትልቁ ውስጥ ጠፋ» ይላል። ሁለቱም ክርክር አላቸው። የእኔ ምክር ግን ሌላ ነው። ድሮ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ጁገል ጥበቃ፣ ስለ ውኃ የተባለውን አስታውሱ። አሁን የሚባለውንም አንብቡ። አስተያይታችሁ ፍረዱ።

ተቃዋሚስ?

አቋም የሚያደበዝዘው ገዢ ፓርቲ ብቻ አይምሰላችሁ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተደረገውን ምርጫ ታስታውሱ ይሆናል። ቅንጅት የተባለው ስብስብ በአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ።

ቅንጅት አራት ፓርቲዎች በአንድ ስም የተሰባሰቡበት ነበር። መኢአድ፣ ኢዴፓ መድኅን፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግና ቀስተ ደመና ናቸው። ለውጥ በመፈለግ አንድ ነበሩ። በምርጫው ማግስት ግን «ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ተከፋፈሉ። አንዳንዱ ገባ፤ አንዳንዱ አልገባም። መሪዎቹ ታሰሩ። ስብስቡም ፈረሰ። ሰፊው ስም ልዩነቱን ሸፍኖ ነበር፤ አላጠፋውም ነበር።

ለምን ያደበዝዛሉ?

ምክንያቱን በሳምቡሳ ልንገራችሁ።

ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ያለውን መንገድ አስቡ። ሁለት ሳምቡሳ ሻጮች አሉ እንበል። አንዷ በሐረር በር በኩል፣ ሌላዋ በፈረስ መጋላ በኩል ተቀምጣለች። ሰው ወደሚቀርበው ሄዶ ይገዛል። አንድ ቀን አንደኛዋ ወደ መሐል ትንሽ ትጠጋለች። ለምን? የኋላው ደንበኛዋ አይለቃትም፤ ከመሐልም አዲስ ደንበኛ ታገኛለች። ሁለተኛዋም ይህን አይታ ወደ መሐል ትጠጋለች። በመጨረሻ ሁለቱም መሐል መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሳምቡሳቸውም አንድ ዓይነት ይመስላል። በዳር ያለው ሰው ግን ብዙ መንገድ ይሄዳል።

ምርጫ በሚደረግበት አገር ፓርቲዎችም እንዲህ ያደርጋሉ። መሐል ያለውን ብዙ ሕዝብ ለማግኘት ይጠጋጋሉ። ይህ በአውሮፓ በግልጽ ታይቷል። ሦስት ምሳሌ እነሆ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፣ ጀርመን። የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች ከማርክስ ትምህርት የተነሡ የሠራተኞች ፓርቲ ነበሩ። ምርጫ ቢሸነፉ ቢሸነፉ፣ በ1959 ባድ ጎደስበርግ በተባለ ቦታ ጉባኤ አደረጉ። «ከእንግዲህ የመላው ሕዝብ ፓርቲ ነን፤ ገበያንም እንቀበላለን» ብለው አዲስ ፕሮግራም አጸደቁ። ስማቸውን ግን አልለወጡም።

ሁለተኛ፣ እንግሊዝ። የሌበር ፓርቲ በ1918 በደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጽፎ ነበር። አራተኛው አንቀጽ ይባላል። የምርት መሣሪያዎች የጋራ ይሁኑ ይላል። አንቀጹ በአባልነት ካርድ ላይ ይታተም ነበር። በ1995 ቶኒ ብሌር የፓርቲው መሪ ሳሉ ልዩ ጉባኤ ተጠርቶ አንቀጹ ተለወጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓርቲው ምርጫ አሸነፈ። ዛሬም ግን «ነፍሳችንን ሸጥን» የሚሉ የድሮ አባላት አሉ።

ሦስተኛ፣ ግሪክ። በጥር 2015 ሲሪዛ የተባለ ፓርቲ ምርጫ አሸነፈ። «አበዳሪዎች የጫኑብንን የወጪ ቅነሳ እናስቆማለን» ብሎ ነበር። ሐምሌ 5 ቀን ሕዝቡን ጠየቀ። ከመቶ 61 እጅ «የአበዳሪዎችን ሐሳብ አንቀበልም» አለ። ነገር ግን ባንኮች ተዘግተው ነበር፤ ገንዘብም አልነበረም። ከስምንት ቀን በኋላ መንግሥቱ ከአበዳሪዎች ጋር ከባድ ስምምነት ተስማማ። ፓርቲው ተሰነጠቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቅቀው እንደገና ምርጫ ጠሩ፤ በመስከረም ተመልሰው አሸነፉ።

እነዚህን ከእኛው ጋር አስተያዩ። ፓርቲ የሚለወጥበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ድምፅ ፍለጋ ነው። ሌላው የአበዳሪ ግፊት ነው። ሌላው ጦርነትና የዓለም ሁኔታ ነው። ሌላው የመሪ መለወጥ ነው። አንዳንዴም፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ፓርቲው ተሳስቶ እንደነበር ስለተረዳ ነው።

መለወጥ ኃጢአት ነው ወይ?

አይደለም። በ1982 ዓ.ም. የእህል ኮታ ሲቀር ገበሬው ተጠቅሟል። «አቋሜን አልለውጥም» ብሎ ድርቅ ማለት ሁልጊዜ ጀግንነት አይደለም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በጀርመንና በእንግሊዝ የድሮው ጽሑፍ ቀረበ፤ አዲሱም ቀረበ፤ አባላት ተከራክረው እጅ አወጡ። የተቆጣው በግልጽ ተቆጣ። በግሪክ መንግሥቱ ወደ ሕዝቡ ተመልሶ «አሁንስ ትፈልጉኛላችሁ ወይ?» አለ። በእናቴ ሰፈር ግን ግድግዳው በሌሊት ኖራ ተቀባ። መለወጥ ሁለቱም ዘንድ አለ። አንዱ ጋ ተጠየቀ፤ ሌላው ጋ አልተጠየቀም።

በምን እናውቃለን?

በሐረር መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙ የወጣው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ሰፊ ሲሰፋ ለእናንተ ከሆነ ይለካችኋል። ሳይለካ የሚሰፋው ሰፋ ተደርጎ ነው፤ ለሁሉም ይሆናል፤ ለማንም ግን ልክ አይሆንም። የፓርቲም ቃል እንዲሁ ነው። በጣም ሰፊ ከሆነ «የማን ልክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለዚህ ቀላል መለኪያ አለ። ተቃራኒውን የሚናገር ሰው ፈልጉ። «ለሕዝብ ጥቅም እንሠራለን» ቢሏችሁ፣ ለሕዝብ ጉዳት እንሠራለን የሚል ይኖራል ወይ? አይኖርም። እንግዲያው ያ አቋም አይደለም፤ ምርቃት ነው። «መሬት ይሸጥ» ቢሏችሁ ግን «አይሸጥ» የሚል አለ። ያ አቋም ነው።

ከዚያ አራት ጥያቄ ጠይቁ።

1. ፊት ምን ተብሎ ነበር? መቼ?
2. አሁን ምን ይባላል? ከፊተኛው በምን ይለያል?
3. በሥራ ምን ተደረገ? ምንስ ሳይነካ ቀረ?
4. ለምን እንደተለወጠ ተነገረን ወይ? የወሰነውስ ማን ነው?

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስማር አንድ መምህራችን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ ይሉን ነበር። አንዱ የአምና፣ አንዱ የዘንድሮ። «ታሪክ ማለት ይኸው ነው» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። የአምናውን ሰሌዳ ስላላነበበ የዘንድሮውን ከምን ጋር ያስተያየዋል? ተማሪዬ የጎደላት ይኸው ነበር። ዛሬ ግን አልጎደላትም። የዛሬው ሰሌዳ በደብተሯ ላይ ተጽፏል።

የቤት ሥራ

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ፓርቲ፣ የትኛውም ይሁን፣ ቃል ሲገባ ስትሰሙ ደብተራችሁን አውጡ። ቀኑን ጻፉ። የተናገረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ደብተሩን አስቀምጡት። ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ አንብቡት። ከጎረቤታችሁም ጋር ተወያዩበት።

ግድግዳ ኖራ ይቀባል። ሰሌዳ ይወርዳል። በእጃችሁ የጻፋችሁትን ግን ማንም መጥቶ አያጠፋባችሁም። እናቴ ቃሉን ስታነብ የሚጽፍ እጅ ነበራት፤ ጻፊው ያላት ግን አልነበረም። እኔ እናንተን እላችኋለሁ። ጻፉት።

ደኅና ሁኑ፣ ውድ አንባብያን።